ለአንድ ወንበር የተሠራች ከተማ

የከተማችንን ስም አልነግራችሁም። ባሕር ተሻጋሪዎቹ ሲመጡ አዲስ ስም አወጡላት፤ ሲሄዱም ይዘውት ሄዱ። የድሮ ስሟን እናውቃለን ይሉ የነበሩ ሽማግሌዎችም እርስ በርስ ሳይስማሙ አለፉ። እኛ «ከተማችን» እንላታለን፤ በዚህ ምክንያት እስካሁን መንገድ የጠፋበት ሰው የለም።

ያደግሁት በቀጥታው ጎዳና በቀኝ ረድፍ፣ ከእትዬ ጥሩአየር ቤት ቀጥሎ ባለው ቤት ነው። የማወጋችሁ የእሷንና ፊት ለፊቷ ይኖር የነበረውን የጋሽ ልሳኑን ነገር ነው። ነገር ግን ገመዱን ሳላስቀድም ብጀምር፣ ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ማዶ ለማዶ ሲነጋገሩ ለምን እንደኖሩ አይገባችሁም።

ከገመዱ በፊት ከተማችን ክብ ነበረች። ቤተሰብ ትሪ ከቦ እንደሚቀመጥ፣ ቤቶቹ ምንጩን ከበው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ነበር። መንገድ የሚባለው ሰው ደጋግሞ ስለሄደበት የቀረ ዱካ ነው፤ ዛፍ ካለ ይዞራል፣ የተኳረፉት ጎረቤት ካለም ይዞራል። ባሕር ተሻጋሪዎቹ አገሩን በያዙ ማግስት መሐንዲሳቸው ኮረብታው ላይ ወጥቶ ከተማዋን ቁልቁል አየና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ረጅም ገመድ አስመጥቶ ከኮረብታው እስከ ወንዙ ወጠረ። ገመዱ የነካው ሁሉ ይፈርሳል ተባለ።

ገመዱ በጥሩአየር አባት ቤት ውስጥ፣ በምድጃው ላይ አለፈ። እሷ ያኔ ልጅ ነበረች፤ ገመዱ ወጡ ውስጥ እንዳይገባ እናቷ በማማሰያ ከፍ አድርጋ ይዛው እንደነበር ስታወራ ሰምቻለሁ። አባቷ መሐንዲሱ ዘንድ ሄደው፣ «ጌታዬ፣ ገመድዎን አንድ ክንድ ያህል ወደዚያ ፈቀቅ ቢያደርጉልኝ» ብለው ለመኑት። መሐንዲሱ በአስተርጓሚው በኩል፣ «ገመዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ጠማማው ቤትህ ነው» አላቸው። አባቷ ቤት ተመልሰው ግድግዳውን ዞረው አዩት። ቤቱ ክብ ስለነበረ ቀጥ ያለ ነገር አጡበት። «እውነቱን ነው» አሉና አፈረሱት።

በገመዱ ግራና ቀኝ አዲሶቹ ቤቶች ተሠሩ። ውብ አልነበሩም ብል እዋሻለሁ። እያንዳንዱ ቤት ፊቱ ላይ አራት ወፋፍራም ዓምዶች፣ ከዓምዶቹ በላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ግንባር፣ ከግንባሩ ሥር ሰፊ በረንዳ ነበረው። ባሕር ተሻጋሪዎቹ ይህን የቤት መልክ የወረሱት ከነሱ በፊት ከነበረ፣ ካለቀለትም ከቆየ ሌላ መንግሥት ነው ይባላል፤ ስለዚህ ከተማችን አዲስ ሆና ሳለ ገና ከጅምሩ የጥንት ትመስል ነበር። ለዓምዶቹ የሚሆን እብነ በረድ በመርከብ ይመጣል ተብሎ ተጠበቀ። ሲዘገይ ጊዜ ዓምዶቹ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ በጡብና በኖራ ተሠሩ። የእኛ ሰዎች ደግሞ ባዶ ቤት አይወዱም፤ በየዓምዱ ጀርባ ትንሽ በር አበጅተው ዶሮ አስገቡበት። ጎህ ሲቀድ በከተማችን የሚጮኸው ዓምዱ ነበር።

ይህ ሁሉ የተሠራው ለአንድ ወንበር ነው። በጎዳናው ራስ፣ ኮረብታው ላይ፣ ከመርከብ የወረደው ብቸኛ እብነ በረድ ወንበር ሆኖ ተቀምጧል። የባሕር ማዶው ንጉሥ አንድ ቀን ይመጣና እዚያ ላይ ተቀምጦ ከተማዋን ያያል። ሲያይ ግራው ከቀኙ እኩል ካልሆነ ያዝናል። ንጉሥ እንዳያዝን «ሚዛን ቤት» የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። የሚዛን ሹሙ በየጠዋቱ ከወንበሩ አጠገብ ይንበረከካል፤ መቀመጥ አይፈቀድለትም፤ አናቱን በንጉሡ አናት ልክ አድርጎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጎዳናውን ቁልቁል ያያል።

ደንቡ አጭር ነበር፦ በግራ ያለ በቀኝም ይኑር። የግራው ቤት መስኮቱን ከከፈተ የቀኙ ይከፍታል። ግራው ልብስ ካሰጣ ቀኙም ያሰጣል፤ ያላጠበ ሰው ንጹሑን ልብስ ውሃ ነክሮ ያሰጣል። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ቤቶች እኩያ ይባላሉ። መጀመሪያ ሰዉ በዚህ ነገር ተማረረ፤ ኋላ ግን ለመደው፤ ከለመደው በኋላ የራሱ አደረገው። በአንዱ ቤት ሠርግ ሲሆን በእኩያው ቤትም ድንኳን ይተከላል፤ ሙሽራ በሌለበት ድንኳን ይበላል፣ ይዘፈናል። ለቅሶም እንደዚያው ነው። አባቴ የሞተ ጊዜ የፊት ለፊታችን አባወራ በሕይወት እያለ ቤተሰቦቹ ጥቁር ለብሰው በረንዳቸው ላይ ሐዘን ተቀመጡ። ሰውዬው መጀመሪያ ደንግጦ ነበር። ለቀስተኛው እየመጣ ደረቱን ሲመታ ካየ በኋላ ግን፣ «ለካ ደህና ሰው ነበርኩ» አለ። ከተማችን ውስጥ ብቻውን የበላ፣ ብቻውንም ያለቀሰ ሰው አልነበረም፤ በደንቡ የተከለከለ ነው።

ባሕር ተሻጋሪዎቹ አንድ ጠዋት ሄዱ። ማን እንዳስወጣቸው እያንዳንዱ ሰፈር የየራሱ ታሪክ አለው፤ አልገባበትም። ንጉሡ ሳይመጣ ወንበሩ ቀረ። የከተማችን ሰዎች ተሰብስበው ሚዛን ቤት ይዘጋ አይዘጋ ብለው መከሩ። ሆኖም ሚዛን ቤት ከተዘጋ በደንቡ መሠረት እኩያው መዘጋት አለበት፤ እኩያው ደግሞ ወፍጮ ቤቱ ነበር። ሕዝቡ ዱቄት ስለሚያስፈልገው ሚዛን ቤት እንዲቀጥል ተወሰነ። ሹምነቱንም የቀድሞው ወንበር ጠራጊ ልጅ አቶ ባንትይርጉ ያዘው። ደግ ሰው ነበር። አንድ ዓይኑን ሲጨፍን ከመኖሩ የተነሳ ሲስቅም፣ ሲያዝንም አንዱ ዓይኑ አይከፈትም ነበር።

አሁን ወደ ሁለቱ ሰዎች ልመለስ።

ልሳኑ የልብስ ሰፊ ልጅ ነው፤ እሱም በኋላ ልብስ ሰፊ ሆነ። ከጥሩአየር ጋር በየጠዋቱ እኩል መስኮት ሲከፍቱ አደጉ። አንዳቸው ቢዘገዩ ሌላው መዝጊያውን ይዞ ይጠብቃል። እንዲህ እየተጠባበቁ የኖሩ ሁለት ወጣቶች ምን እንደሚሆኑ ለማወቅ ሹመት አያስፈልግም። ልሳኑ ሽማግሌ ላከ። አባቷም ደስ አላቸው። የዚያን ጊዜው የሚዛን ሹም ግን ሽማግሌዎቹን አስጠርቶ፣ «እሷ ወደ ግራ ከሄደች ቀኙ ይጎድላል፤ እሱ ወደ ቀኝ ከመጣ ግራው ይጎድላል። ሌላ ሰው ያግቡ፤ ሁለቱም ባንድ ቀን» አላቸው።

ሌላ ሰው አላገቡም። ወላጆቻቸው ካለፉ በኋላ እሷ በቀኙ፣ እሱ በግራው ቤት ብቻቸውን ቀሩ። አንዱ ካላገባ ሌላውም ማግባት ስለማይችል፣ የሰፈሩ ሴቶች አፍ አላረፈም።

ወይዘሮ አሰገደች የምትባል ምላሷ የማያርፍ ጎረቤት ነበረችን። «ጥሩአየር፣ እስቲ ማረኝ በይው» ትላት ነበር። «የሰው ወንድ አስረሽ አስቀረሽ እኮ።»

«እሱስ እኔን አላስቀረም?»

«እሱማ ወንድ ነው፤ ቢቀርም አይሻግትም።»

«ሸሚዙን ያየሽው አይመስለኝም» ትላለች እትዬ ጥሩአየር፤ በረንዳው ማዶ ልሳኑ ይስቃል።

መጠያየቅ ይፈቀድ ነበር፤ ግን ቤት ባዶ አይቀርም። ልሳኑ ሊጠይቃት እሷ ቤት ሲመጣ እሷ እሱ ቤት መሄድ አለባት። ስለዚህ በበዓል ቀን ጎዳናው መሀል ይገናኛሉ፤ ሰላም ተባብለው ይተላለፋሉ። እሷ እሱ ቤት ገብታ የሠራላትን ትበላለች፤ እሱ እሷ ቤት ገብቶ የሠራችለትን ይበላል። ከዚያ በየበረንዳው ወጥተው፣ እሷ ከእሱ ወንበር፣ እሱ ከእሷ መደብ፣ እየተያዩ ይጨዋወታሉ።

«ጨው በዛብህ ዘንድሮ።»

«የጨው ዕቃሽን የት እንደደበቅሽው ካገኘሁ በኋላ ነው እኔ የምናገረው።»

ሲመለሱ እያንዳንዳቸው ቤታቸው ውስጥ የሌላውን እጅ ያገኛሉ። የላላ የመስኮት ማጠፊያ ጠብቆ፣ የተቀደደ ትራስ ተሰፍቶ፣ ለብቻው የተቀመጠ ሎሚ። አንድ ጊዜ እናቴ፣ «እንዲህ ሆኖ ኑሮ ይሆናል?» ብላ ብትጠይቃት እትዬ ጥሩአየር ትንሽ አስባ፣ «የሚመጣበትን ቀን ስለማውቅ ቤቴ ቆሽሾ አያውቅም» አለቻት። ለእሷ በረንዳው ማለት ልሳኑ ማለት ነበር። ከልሳኑ የደረሳት በረንዳው ብቻ ነው።

ክረምቱ የበረታ አንድ ዓመት፣ በዘመን መለወጫ ዕለት እንደ ልማዳቸው ቤት ተለዋውጠው ነበር። ድሮ ከተማዋ የከበበችው ምንጭ በግራው ረድፍ ሥር ያልፍ እንደነበር መሐንዲሱ አልጠየቀም፤ የነገረውም የለም። እኔ ደጃፋችን ላይ ነበርኩ። ልሳኑ ከእሷ በረንዳ ላይ ሆኖ የራሱን ቤት ሲያይ ቆየና፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው እንደሚቀሰቅስ፣ «ጥሩዬ፣ ተነሺና ወደ ውጭ ነይ» አላት።

«ገና መብላቴ ነው።»

«ይዘሽው ነይ። ግድግዳው ሆዱን እየነፋ ነው።»

ድስቱን እንደያዘች ወጣች። ጎዳናው መሀል ስትደርስ ቤቱ ከኋላዋ ቁጭ አለ፤ ወደቀ አልልም፣ የደከመው ሰው እንደሚቀመጥ ነው የተቀመጠው። አራቱ ዓምዶች ብቻ ቆመው ቀሩ። ዶሮዎቹ ውስጣቸው ሆነው አጉረመረሙ።

አቶ ባንትይርጉ እየሮጠ ከኮረብታው ወረደ። መጀመሪያ ያየው ፍርስራሹን አልነበረም፤ የእሷ በረንዳ ላይ የቆመውን ልሳኑን ነው።

«ጋሽ ልሳኑ፣ ይቅርታ፣ ይውረዱ። አንድ ሰው በቀኝ፣ በግራ ምንም፤ አይሆንም።»

«የት ልሂድ?»

«እሱን ደንቡ አይልም።»

ልሳኑ ወረደ። ያን ሰሞን ወፍጮ ቤት፣ ከዱቄት ጆንያ መሀል አደረ።

እትዬ ጥሩአየር በማግስቱ ኮረብታው ላይ ወጣች። ልሳኑ እሷ ቤት ይኑር ብላ ጠየቀች፤ ቀኙ ይከብዳል ተባለች። ቤቱን መልሰን እንሥራለት አለች፤ መሥራት የሚፈቅደው መሐንዲሱ ብቻ ነው፣ እሱም ሄዷል ተባለች። «እንግዲያው ምን ይሁን?» ስትል አቶ ባንትይርጉ በክፍቱ ዓይኑ መሬቱን አየ። «በግራ የሌለ በቀኝም አይኑር ይላል። ቤትዎ ይፈርሳል፣ እትዬ ጥሩአየር። እስከ መስከረም መጨረሻ አቆያለሁ። ከዚያ በላይ ዓይኔን መጨፈን አልችልም፤ አንዱን አስቀድሜ ጨፍኛለሁ።»

ስትመለስ ሰፈሩ ደጃፏ ተሰብስቧል። መላ ያመጣችው ያቺው ወይዘሮ አሰገደች ናት።

«ሹሙ የሚያየው ከላይ ነው» አለች። «ከላይ ቤት ይምሰለዋ! ልሳኑ፣ አንተ ልብስ ሰፊ አይደለህ? ቤት ስፋ።»

ሰዉ ሁሉ ጆንያ አዋጣ። ልሳኑ ጆንያዎቹን እየገጣጠመ ሰፋ፤ ዓምዶቹ ላይ ተወጠረ፤ በኖራ ተቀባ። በረንዳው፣ ግንባሩ፣ መስኮቶቹ በከሰል ተሳሉበት። በመስኮቱ ውስጥ ልሳኑን ራሱን ሣሉት። እትዬ ጥሩአየር መንገድ ተሻግራ አየችውና፣ «አፍንጫውን አሳንሱለት፣ ኋላ ደንብ ያፈርሳል» አለች።

በማግስቱ አቶ ባንትይርጉ ተንበርክኮ አየ። ረጅም ጊዜ አየ። «እኩል ነው» አለ። ጎዳናው ላይ የነበርነው ሁሉ ትንፋሻችንን ለቀቅን። ያን ሳምንት እትዬ ጥሩአየር በየጠዋቱ መስኮቷን ስትከፍት ለጆንያው ሰላምታ ትሰጥ ነበር፤ እውነተኛው ልሳኑ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አጸፋውን ይመልሳል።

ከዚያ የመስከረም ነፋስ መጣ። የግራው ቤት ሆዱን ነፋ፣ መልሶ አጎደለ፣ መስኮቱ ውስጥ ያለው ልሳኑ አንዴ ወፈረ፣ አንዴ ከሳ። አቶ ባንትይርጉ እጁን እያሻሸ ወረደ።

«ግራው ይወዛወዛል» አለ። «የቀኙ ቤት ግን ቆሟል።»

«ታዲያ ድንጋይ አይደለም እንዴ!» አለች ወይዘሮ አሰገደች።

«ገብቶኛል። ወይ ከነፋሱ ጋር ይወዛወዝ፣ ወይ ይፍረስ።»

ማንም አልሳቀም። ሁለት ሰዎች ሄደው የእትዬ ጥሩአየርን ግድግዳ ገፋ ገፋ አድርገው ሞከሩት። አልተነቃነቀም። ጆንያውም ከዓምዶቹ ላይ ወረደ።

የማፍረሻው ቀን ሠራተኞቹ ዶማና መዶሻ ይዘው መጡ፤ መጡ እንጂ አልጀመሩም። የሚያውቋት ሴት ቤት ነው። ዕቃዋ ጎዳናው ላይ ወጥቷል፤ ሣጥን፣ አልጋ፣ ልሳኑ የሰፋቸው ትራሶች። እሷ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የማዶውን ባዶ ቦታ ታያለች። አባቷ ያንን ክብ ቤት ያለ ክርክር አፍርሰው ነበር፤ እሷ ግን ከዚህ ተነሺ ብትባል የምትነሳ አትመስልም ነበር። ልሳኑ መጣና ከደረጃው ሥር፣ ከደንቡ ውጭ እንዳይሆን አንድ እርምጃ ርቆ ቆመ።

«ጥሩዬ፣ ውረጂ።»

«ከዚህ ከወረድኩ ወዲያ በየት ነው የማይህ?»

ልሳኑ ዱቄት የነካው ኮቱን አራገፈ። እሷም ቀና ብላ ሹሙን አየችው።

«አቶ ባንትይርጉ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይሄ ቤት ሲፈርስ እኔ የማን እኩያ ነኝ?»

አሰበ። «ቤት የሌለው እኩያ የለውም። የማንም።»

«እሱስ?»

«እሱም የማንም።»

«በግራ ነው ያለው ወይስ በቀኝ?»

«ቤት ከሌለው... የትም የለም። ከወንበሩ አይታይም።»

«እኔም አልታይም።»

«አዎ፣ እርስዎም አይታዩም።»

እትዬ ጥሩአየር ተነስታ አንድ ጊዜ መደቡን በመዳፏ ጠረገችው። ከዚያ ደረጃውን ወርዳ ልሳኑ አጠገብ ቆመች፤ አጠገቡ፣ ክንዷ ክንዱን እስኪነካ። በዚያ ጎዳና ላይ እንዲህ ሆነው አይተናቸው አናውቅም። ከአንዱ ሠራተኛ እጅ መዶሻውን ወሰደች።

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለች፤ የመጀመሪያውንም ድንጋይ ራሷ መታች።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አለቀ። አቶ ባንትይርጉ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ተንበረከከ። በግራ አራት ዓምድና ባዶ ቦታ፣ በቀኝ አራት ዓምድና ባዶ ቦታ። «እኩል ነው» ብሎ ጮኸ፤ ወደ ታች ሲመለስም ሁለቱም ዓይኖቹ ክፍት ነበሩ፤ ሁለቱም ቀልተዋል።

ቤታቸውን ምንጩ ዳር ሠሩ። እዚያ ረግረግ ስለነበረ ገመዱ አልደረሰበትም፤ ከወንበሩም አይታይም። ክብ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ሌሎች ሁለት ቤቶች ባንድ ሳምንት ወደቁ፤ በአንዱ ባሏ የሞተባት፣ በእኩያው ሚስቱ የሞተችበት ይኖሩ ነበር። ዝናቡ ያን ያህል አልነበረም። ሚዛን ቤት ግን ምክንያት የመጠየቅ ሥልጣን አልነበረውም።

ዛሬ ቀጥታው ጎዳና ላይ የቀሩት ዓምዶቹ ናቸው። እንግዶች መጥተው ፎቶግራፍ ይነሡባቸዋል፤ የጥንት ናቸው ይባላል። ወንበሩም ነፃ ሆኗል፤ የፈለገ ሁሉ ይቀመጥበታል፣ ተቀምጦም የሚያየው ነገር ስለሌለ ቶሎ ይነሳል። እኔ የምኖረው በአዲሱ ሰፈር፣ ፊት ለፊቱ ያለው እንዳሻው በሚያደርግበት ቤት ውስጥ ነው። እናቴ የሞተች ቀን የማዶው ጎረቤቴ ልብሱን አጥቦ አስጥቶ ነበር፤ ነጭ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ። አላጠፋም። አላወቀም፤ እንዲያውቅ የሚያስገድደው ነገር የለም። ገመዱን የረገምኩ ሰው ነኝ፤ ሆኖም ያን ቀን በረንዳው ላይ ቆሜ ማዶ ማዶውን ሳይ ዋልኩ።

ሐዘኔ ሳይወጣ አንድ ማለዳ ወደ ምንጩ ወረድኩ። ክቡ ቤት አንድ መስኮት ብቻ አለው፤ ባለ ሁለት መዝጊያ። እትዬ ጥሩአየር የቀኙን መዝጊያ ገፋ አድርጋ ከፍታ፣ በእጇ እንደያዘችው ቆማለች። አየችኝ፤ በራሷ ሰላምታ ሰጠችኝ፤ አልለቀቀችውም።

«ምነው?» አልኳት።

«ጉልበቱን ያመዋል ሰሞኑን» አለች። «ይመጣል።»

ቆምን። ከውስጥ የከዘራ ድምፅ ቀስ እያለ ቀረበ። ከዚያ የግራው መዝጊያ ተከፈተ።